ገጹ የሚያልቅበት ቦታ

ውድ አርዲስ፣

ትናንት ውሳኔው ተሰጠ። እኛ ረታን። ከጋዜጣ ቀድመሽ ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ሌላም የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ፤ እሱን ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ እያለ ስለሆነ ትንሽ ዞር ብዬ ልምጣ።

እዚሁ ሴንት ፖል፣ ወንዙን በሚያየው የሕግ መጻሕፍት አሳታሚው ኩባንያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን የዳኞችን ውሳኔ ስናርም ኖርን። አንቺ ዋናውን ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ፣ እኔ የታተመውን በእርሳስ እከተላለሁ። ኮማና ነጥብ እንኳ አይቀርሽም ነበር። «ከሳሹ ኮማ ላሟን ሳይሸጥ ኮማ ሞተ ነጥብ» ስትዪ ሳቄ አመለጠኝና፣ «ሎርና! ሰውዬው እኮ ሞቷል፣ ትንሽ እፈሪ እንጂ» አልሽኝ። ከዚያ አንቺ ራስሽ ከእኔ ብሰሽ ሳቅሽ።

ከዚያ እኔ ሥራውን ለቀቅኩ። ከአንድ የቀለምና ሚስማር መደብር በላይ ባለች ክፍል ሦስት ሆነን ውሳኔዎቹን በዲስክ ማውጣት ጀመርን። ዳኛ የጻፈው የሕዝብ መሆኑን ማንም አልካደም። ጠቡ የገጽ ቁጥሩ ላይ ነበር። ጠበቆች ሁሉ የሚጠቅሱት የእናንተን መጽሐፍ ገጽ ስለሆነ፣ እኛም እያንዳንዱ ገጽ የት እንደሚያልቅ ዲስኩ ላይ ምልክት አደረግን። ኩባንያው «ቁጥሩ የእኛ ፈጠራ ነው» ብሎ ከሰሰን። አንቺም ስልኬን ማንሳት ተውሽ። በቤተ ክርስቲያኑ የዓሣ እራት ላይ እንኳ ወንበር ቀየርሽብኝ። ክሱ አላመመኝም፤ ወንበሩ አመመኝ።

የኩባንያው ምስክር ሆነሽ ስትቀርቢ ያንን ሰማያዊ ሹራብሽን ለብሰሽ ነበር። አንድ ገጽ እንድታነቢ ሲሰጡሽ ከነኮማው ጀመርሽ።

«ወይዘሮ ቶሌፍሰን፣ ኮማውን ቢተዉት ይቻላል» አሉሽ ዳኛው።

«አልችልም፣ ክቡር ዳኛ። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመቴ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ያኔ የእኛ ጠበቃ ተነሣና፣ «ገጹ የት ላይ እንደሚያልቅ ማን ነው የሚወስነው?» አለሽ። ቀና ብለሽ እኔን አየሽኝ።

«ማንም» አልሽ። «ወረቀቱ ሲያልቅ ገጹም ያልቃል።»

አርዲስ፣ ያንን ጥያቄ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። በቁራጭ ወረቀት ላይ፣ «ይህን ጠይቃት፤ አርዲስ አትዋሽም» ብዬ። ሐቀኛነትሽን ከማንም በላይ ስለማውቀው፣ ዕድሜሽን በሰጠሽው ኩባንያ ላይ ተጠቀምኩበት። መልስሽን ስሰማ ኮራሁብሽ፤ በራሴ ግን አፈርኩ። ምናልባት የእጄን ሥራ ያኔውኑ አውቀሽው ይሆናል። ቢሆንም ከአፌ መስማት ይገባሻል። ይቅር በዪኝ።

ውሳኔው ሃያ ስድስት ገጽ ነው፤ ያንቺ ቃል አሥራ አራተኛው ላይ አለ። ገና አልታረመም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እሱንና የምትወጂውን የሎሚ ኬክ ይዤ እመጣለሁ። በሩን ካልከፈትሽልኝ እዚያው በረንዳሽ ላይ፣ በረዶው ውስጥ ቆሜ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ከመጀመሪያው ገጽ አነበዋለሁ። አንዲት ኮማ አልጠራም። ያንን ደግሞ ተቀምጠሽ መስማት እንደማትችዪ አውቃለሁ።

እርሳሷን ቀርጻ የምትጠብቅሽ፣
ሎርና