አርባ አንደኛው «ስድስቱ»

ጓደኛዬ፣ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ትምህርት ቤት ሳልረግጥ ፊደል የለየሁበት የጀግኖች ኮሚክ፣ «ስድስቱ»፣ ከቁጥር አርባ በኋላ ተቋረጠ ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። አርባ አንድ ወጥቶ ነበር፤ ያኔ ዓይኔን ለጣልኩበት ልጅ፣ ኋላ ባለቤቴ ለሆነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰጠሁት። «ባለክንፏ ጀግና ገደል ላይ ተንጠልጥላ ቀረች» እያልሽ ስታለቅሺ አፌን ለጉሜ ተቀመጥኩ።

ዛሬ በመጣሁበት ከተማ የአሮጌ ኮሚክ መደብር ገባሁ። የእኛ ጋዜጣ ሻጭ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅላቸው የነበሩት፣ እዚህ ላስቲክ ለብሰው በቁጥር ተሰልፈዋል።

«እማማ፣ ለልጅ ልጅዎ ነው?» አለኝ ባለሱቁ።

«ለጓደኛዬ ነው። ከአርባ አንድ በኋላስ ምን ሆነ?» አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።

«ከዚያማ ሦስት ዓመት ተቋረጠ። ሲመለስ አዳዲስ ጀግኖች ገቡበት፤ ቁጥሩንም ሁለቴ ከአንድ ጀመሩት። አሁን ጀግኖቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ስሙ ግን ያው «ስድስቱ» ነው!»

ለካ ውሸቴ እውነቱን የቀደመው በአንድ እትም ብቻ ነው! እዚያው ቆሜ ሳቅሁ። ባለክንፏ ትድናለች፤ እንዴት እንደሆነ ግን አልነግርሽም፣ እትሙን ገዝቼዋለሁ፣ በሻንጣዬ ይዤልሽ እመጣለሁ። የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆችሽን ሳሚልኝ፣ እኔንም ይቅር በይኝ።

ይድረስ ለአርባ አንደኛው እትም ባለቤት፣ ከአጥር ላይ እየዘለለች «በረርኩ!» ትል ለነበረችው ለክንፎ።