አባባ ሳይቀምሱ

አልጣሽ፣

ቁልፉን ከበሩ ራስ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ላምባ አልቋል፤ ሳይመሽ ግዢ። የመሠረተ ትምህርት ክፍሌን ዛሬ አንቺ ያዥልኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከጠየቀ አሟታል በይ።

ታናሽ እኅቴን ካሰችን ጠልፈዋታል። ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ነው። አሁን የአክስቴ ልጅ ደሴ ከአገር ቤት ከወንዛዬ መጥቶ ነገረኝ። የጠላፊው ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው ደጃችን ላይ ተንበርክከዋል አለኝ። አባባ እርቁን ተቀብለው ከእነሱ ጋር እህል ከቀመሱ ነገሩ አለቀ፤ ልጅቷ እዚያው ትቀራለች።

እስከ ሐሙሲት የጭነት መኪና ባገኝ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው። ደርሼስ ምን እላለሁ? ቄሱን አባቴን፣ በሽማግሌ ፊት፣ አይብሉ እላለሁ?

የግሪኩ ተረት መጽሐፍሽ ትራስሽ ሥር ነው። የሙታኑ ንጉሥ ልጅቷን ነጥቆ ከምድር በታች ሲያወርዳት፣ "ምነው እኔንም እንዲህ የሚወደኝ ባገኘሁ" ስትዪ አብሬሽ ስቄያለሁ።

ክፉ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ብቻ ስመለስ ያን ቀልድ አታንሺብኝ።

እዚያ መጽሐፍ ውስጥ እናትየዋ ልጄን መልሱ ብላ የምድሩን እህል ሁሉ አደረቀች። የእኔ እናት ታልቅስ እንጂ የፎገራ ጓያ ለእሷ ብሎ አይደርቅም። ደግሞም የመጽሐፉ ልጅ ከምድር በታች የቀረችው የሙታኑን ሮማን በገዛ እጇ ስለቀመሰች ነው። ለካሰች የሚቀምሱላት አባባ ናቸው።

ደሴ ከቤት ሲነሣ የእርቁ በግ ታርዶ ነበር።