በጎረቤታቸው ልጅ በሽታ የቀኑት ሰዓት ሠሪ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ሰዓት ሠሪ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አምስተኛ ልጅ ነበሩ። ለታላላቆቻቸው ጫማ ሲገዛ፣ ታናሻቸው ጡት ሲጠባ፣ አንዱ ታሞ ሲታቀፍ ሳይቀር «እኔስ?» እያሉ ስላደጉ ቤተሰቡ «እኔስ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ በኋላም በሰፈሩ ሁሉ አቶ እኔስ ተብለው ቀሩ። የሞተ ሰው አይወቀስም ይባላል። እርሳቸው ግን የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ቅናታቸው እንዳይደበቅ ራሳቸው አዘዋል። «ሌላ ሰው የተቀበረ እንዳይመስል» ነበር ያሉት።

ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለው፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከአንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ሙያውን ተማሩ። በ1968 ዓ.ም. ከዳቦ ቤት አጠገብ፣ በሩ ሲከፈት ወንበሩን የሚገፋ ጠባብ ሱቅ ተከራይተው አርባ ስድስት ዓመት ሠሩበት። ማጉያ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ገጥመው ሲሠሩ፣ በሌላው ዓይናቸው የዳቦ ቤቱን ወረፋ ይቆጥሩ ነበር። የራሳቸው ደንበኛ አንሶ አይደለም፤ የዳቦ ጋጋሪው በዝቶባቸው ነው።

በ1975 ዓ.ም. መምህርት ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ልጅቷ በአራት ዓመቷ ደረጃ መውጣት፣ በሰባት ዓመቷ መቆም አቃታት። ሐኪሞቹ ነርቭንና ጡንቻን ከሚያደክሙት በሽታዎች አንዱ ነው አሉ፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግን ስድስት ዓመት ፈጀ። በዚያው ሰሞን የዳቦ ጋጋሪው ወንድ ልጅም ሲሮጥ መውደቅ አበዛ። የእሱ በሁለት ሳምንት ታወቀ። ስም ያለው፣ መጽሐፍ የተጻፈለት፣ በየአገሩ ተመራማሪ የተሰለፈለት በሽታ ነበር። አቶ እኔስ ቤት ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ «በሽታ እንኳ ለሱ የታወቀው ደረሰው» አሉ።

ባለቤታቸው፣ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህም ይቀናል?» አሏቸው።

እርሳቸው ቀንተዋል።

ሁለቱ አባቶች ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሆነው ምርምርን የሚደግፍ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቋሙ። ከለጋሾች የሚገኘው ቢበታተን ለማንም ስለማይበቃ በየዓመቱ ለአንድ ጥናት ብቻ ይሰጣል። አባላት በምርጫ ወረቀቱ ላይ ከተዘረዘሩት ጥናቶች አንዱ ላይ ምልክት አድርገው ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፤ ማን ማንን እንደመረጠ አይታወቅም። አቶ እኔስ የማኅበሩ ጸሐፊ ስለነበሩ ውጤቱን የሚያነቡት እርሳቸው ናቸው። የልጃቸውን በሽታ የምታጠና አንዲት ተመራማሪ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሳትታክት በየዓመቱ ታመለክታለች፣ በየዓመቱም ሁለት ድምፅ ታገኛለች። የአቶ እኔስና የባለቤታቸው መሆኑ ነው። የብዙዎቹ አባላት ልጆች እንደ ዳቦ ጋጋሪው ልጅ ያለ ሕመም ስለነበረባቸው ለዚያኛው ጥናት ሃያም ሠላሳም ይወጣል። አቶ እኔስ «ላለው ይጨመርለታል» ብለው ወረቀቱን ያጥፉና ከአንገት በላይ ያጨበጭባሉ።

ሥራቸውን ግን አንድም ቀን አላጓደሉም። ለእያንዳንዱ ለጋሽ የምስጋና ደብዳቤ በእጃቸው ጽፈዋል፤ ባለቤት ሳይመጣላቸው ዓመት ያለፋቸውን ሰዓቶች ጠግነው እየሸጡ ገንዘቡን ለማኅበሩ ሰጥተዋል፤ ለቀኑበትም ጥናት ሳይቀር ደጅ ጠንተው ደጋፊ አፈላልገውለታል።

በ2004 ዓ.ም. ከዚያ ጥናት አንድ መድኃኒት ወጣ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ መደገፊያውን ይዞ ሦስት ደረጃ ወጣ። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። አቶ እኔስም አለቀሱ፤ የእርሳቸው ግን ቆሽት አርሮ የወጣ እንባ ነበር። ልጃቸውን ይዘው ውጭ ወጥተው ያልላላውን የተሽከርካሪ ወንበሯን ፍሬን ማጥበቅ ጀመሩ።

«አባዬ፣ ለሱ ደስ አይልህም?» አለቻቸው።

«ደስማ ይለኛል። ግን እዚያ ደረጃ ላይ አንቺን አላየሁሽም።»

«እኔም ቀንቻለሁ» አለች። አባቷ ፍሬኑን ለቀው፣ ወንበሯን እየገፉ ወደ ቤት ሄዱ።

በ2014 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ዳቦ ጋጋሪው በየጠዋቱ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። በዓመቱ፣ ምርጫው ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ፣ አቶ እኔስ «ዘንድሮም ያው የኔና የሷ ሁለት ድምፅ ነው» አሉ። ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያም ድምፃቸውን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ለዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሲሰጡ እንደኖሩ ተናገሩ። «ለሱ መድኃኒቱ ቀርቦ ነበር። አንዱ ልጅ እንኳ ይትረፍ ብዬ ነው» አሉ።

«ታዲያ ሁለተኛው የማን ነው?»

ዳቦ ጋጋሪው ሱሪያቸው ላይ የቀረውን ዱቄት ማራገፍ ጀመሩ። ያን ሁሉ ዓመት የራሳቸውን ልጅ በሽታ ትተው ለአቶ እኔስ ልጅ ምልክት ሲያደርጉ የኖሩት እርሳቸው ነበሩ። አልጋቸውን የከበብን ሁሉ አቶ እኔስ ይቅርታ ይጠይቃሉ ብለን ጠበቅን። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ «በደግነትም ቀደመኝ» አሉ።

 ከሦስት ቀን በኋላ ልጃቸውን ጠርተው የምርጫ ወረቀታቸውን አስመጡ። «ዘንድሮ ለሱ ልጅ ልሰጥ ነው። አንድ ዓመት እንኳ ልቅደመው። ትፈቅጂልኛለሽ?» አሏት። ፈቀደችላቸው፤ ምልክት ሲያደርጉም ወረቀቱን ያዘችላቸው። በዚያ ዓመት ለእሷ በሽታ ጥናት አንድ ድምፅ ብቻ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ጓደኛቸው ታመው ሳይመርጡ የቀሩ መስሏቸው እጅግ አዘኑ። እኛም እንዳንነግራቸው በአቶ እኔስ ታዝዘን ስለነበር ምስጢሩን ጠበቅን።

አቶ እኔስ ባለፈው ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከማንም ሳያሳንስ ይቀበልልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ብርታቱን ይስጥልን።

ዳቦ ጋጋሪው ሆይ፣ የዚያን ወረቀት ነገር ዛሬ እዚህ ቆመው እንዲሰሙት ያዘዙት እርሳቸው ናቸው። «እኔ የሌለሁ ቀን ይስማው፤ መልሶ እንዳይበልጠኝ» ብለዋል።