የእትዬ ዘሀራ ሰማያዊ በር

ሐምሌ 3፣ ጧት
የደሴ መስመር ዛሬም ሞቷል። ዝናብ ነው። ደዋይ የለ፣ ተደዋይ የለ፤ ስልክ ቤቱ መስኮት ላይ ተጎልቼ ከተማ አያለሁ። ፊት ለፊት የእትዬ ዘሀራ ባለ ደርቡ ቤት ታድሶ አልቋል። አዲስ ምርጊት፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በኖራ ነጭ። በሩ ብቻ ያው አሮጌው ሰማያዊ። ሊሸጥ ነው አሉ፤ እርሳቸው ታች ሰፈር ባለው ሌላው ቤታቸው ከእህታቸው ጋር ነው የሚኖሩ። ያን ሁሉ ያደሰ ሰው በር ይረሳል? ጎረቤቴን ብጠይቃት የተለመደውን፣ «ምን አገባሽ?» አለችኝ። ይህ ከተማ ለእኔ ሌላ ቃል የለውም። ደብተሬ፣ እውነት ነው፤ እስካሁን ያገባኝ የለም።

ሐምሌ 5፣ ከሥራ በኋላ
ቤቱን አየሁ! ልቤ እዚያው ቀረ። ደረጃው እንጨት ነው፣ ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ ይላል። ላይ በረንዳ። ገበያው እግር ስር፤ ጨው ነጋዴው ከደንበኛው ሲጣላ ቃል በቃል ይሰማል። ጀነት! ከኪራይ ኪራይ መንከራተት በቃኝ። ያጠራቀምኳት ትበቃለች።
እትዬ ዘሀራ ግን ሻጭ አይመስሉም። ስለ ገንዘቤ አንድም ነገር አልጠየቁ። የጠየቁኝ ሌላ፦ መንገደኛ ታናግሪያለሽ ወይ? በር ላይ የቆመ ሰው ስታዪ ትወጫለሽ ወይ? ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ግዴታቸው አንድ፦ የበሩ ቀለም አይቀየርም። እኔ የምወደው አረንጓዴ። ተጨቃጨቅን። ኧረ በገዛ በሬ!

ሐምሌ 9
ነገሩ አላስቀምጠኝ አለ። መራጊውን ጋሽ ይመርን ያዝኩት። በሩን ሊቀባ ቡሩሽ ቢያነሳ እትዬ ዘሀራ ጮኹበት፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ከእኔ አብልጦ የሚከፍል የኮምቦልቻ ነጋዴም መጥቶ ነበር አለኝ። ሰውየው ዝምተኛ ነው ብለው መለሱት። ዝምታ መቼ ነውር ሆነ? ስለት ይሆን? ሆድ ከአገር ይሰፋል አሉ። እኔ ግን ሳላውቅ አላድርም።

ሐምሌ 14፣ ማታ
አወቅሁት። እትዬ ዘሀራን ጠይቄ ጠይቄ አሰለቸኋቸውና ነገሩኝ። በዚያ ክፉ ቀን፣ በረሃቡ ጊዜ፣ አንድ ሰው እናቱን አዝሎ ከወግዲ በኩል መጣ። ደርቡ ላይ አስጠጓቸው። ልጁ እህል ፍለጋ ወደ ደሴ ሲነሳ፣ ከተማውን አላውቀውም፣ ሰማያዊውን በር ብዬ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። እናት ብዙም አልቆዩ። እትዬ ዘሀራ እስላም ናቸው፤ ቄስ አስጠርተው ቤ/ክ አስቀበሯቸው። ልጁ አልተመለሰም። ሞቶም ይሆናል። ቢመጣስ? መቃብሩን የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ። ጉልበታቸው ደረጃ እምቢ ብሏል፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል።
ለምን እኔን? «ወላሂ፣ አንቺ ሰው ሳትጠይቂ አታሳልፊም» ብለው ሳቁ። ወሬኛነቴ ተመሰገነ! አለቀስኩም። ሰማያዊ ይሁን። ውሉን ሰኞ እንፈራረማለን።

ሐምሌ 19፣ ከሰዓት
ሬዲዮ። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ሰው አንድ ቤት። የእኛም ውል ቀረ። መ/ቤቱ በሰው ታፍኗል፣ ሁሉም ደሴ ደሴ ይላል። ውጭ ተከራዩ እልል ይላል። እኔም ተከራይ ነኝ፤ እልል ልበል ወይስ ላልቅስ? በረንዳዬ!

ማታ። እትዬ ዘሀራ የታች ሰፈሩን ቤት ያዙ። እህታቸው ዓይነ ስውር ናት፤ ቤት ቢቀየርባት መንገዱ ይጠፋታል። ባለ ደርቡን ለቀቁ። ላጽናና ብሄድ አጽናኑኝ። አብሽሪ፣ ዱንያ እንዲህ ናት አሉኝ። ከዚያ ዣንጥላ አስይዘውኝ፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ በዝናብ ቤ/ክ ድረስ ወሰዱኝ። ከአጥሩ በር ላይ ቆመው መቃብሩን በጣታቸው አሳዩኝ፦ ከወይራው ስር፣ ድንጋይ የተደረደረበት። «ቤቱን ባልሸጥልሽ ይህን ውሰጂ» አሉ።

ነሐሴ 11
ቤቱ ቢሮ ሆነ። በሩን አረንጓዴ ቀቡት። የምወደውን ቀለም! ጠላሁት።
በሬዲዮው ማግስት በንዴት ወደ ደሴ ዝውውር ጠይቄ ነበር፤ ዛሬ ተፈቀደልሽ ብለው ደወሉ። አልሄድም አልኳቸው። አለቃዬ አብደሻል አለኝ። እዚህ መስኮት ላይ ሌላ ማን ይቀመጥ?
ከሰዓት አንድ ባላገር፣ ጋቢው የበሰበሰ፣ አረንጓዴው በር ፊት ቆሞ ቀረ። የሰው መስመር እጄ ላይ እያለ ጥዬ ሮጥኩ። ሰማያዊ በር ነው የምትፈልገው? አልኩት። ዝናብ ሊጠለል ነበር። አፍጥጦ አየኝና፣ «ምን አገባሽ?» አለኝ።
ያገባኛል።