ለግራ እጅህ የቆረጥኩት ሽርጥ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ካምሲን፣ ያ የሚያቃጥል የበጋ ነፋስ፣ ነፍሶ አለፈ። «እንደምን ከርመሃል» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ልማድ ክፉ ነው። እኛ ደህና ነን። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ናጋድ ጣቢያ ድረስ መምጣት ጀምሯል። እማዬ ሄዳ አየችውና «ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው፣ ይኼ ምኑ ባቡር ነው!» ብላ ተመለሰች። ዕድሜህን በድሮው ባቡር ጋራዥ ጨርሰህ የለ፣ ላንተ መቆርቆሯ ነው።

የምጽፍልህ ግን ስለ ጊታርህ ነው። አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁና ከእኔው ስማ።

በልጅነትህ ግራኝ ነህ ተብለህ ስትገረፍ፣ መብላቱንም መጻፉንም ወደ ቀኝ አዛወሩብህ። ጊታሩን ግን ማንም አላዛወረብህም። የቀኝ ሰው ጊታር ይዘህ፣ ክሩን እንኳ ሳትቀይር፣ ገልብጠህ ትመታው ነበር። ለዚህ ነው ሽርጧ ያልጠቀመችህ። «ሽርጥ» የምትላት መምቻው እንጨቱን እንዳይቧጭር ከጊታሩ ቀዳዳ ሥር የተለጠፈችውን ቀጭን ፕላስቲክ ነበር። አንተ ስትገለብጠው እሷ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ከስልክ ካርድ የቆረጥካት መምቻ ደግሞ በታች ያለውን ራቁት እንጨት ትቧጭራለች። እማዬ «ድመቶች የተጣሉበት ይመስላል» ትልህ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ጫቱ ላይ ሲሰየም፣ አንተ ጊታሩን ጭኔ ላይ አስቀምጠህ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ጣቶችህን አየር ላይ ታሳየኝ ነበር። «አንቺ በቀኝ እኔ በግራ፤ መስተዋት አገኘሽ ማለት ነው» ትለኝ ነበር። ሁለት ቀን ተምሬ ጣቴን አመመኝ ብዬ ተነሣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አምና ብቻዬን መማር ጀመርኩ። የድሮዋ ሽርጥ በሙቀት ተጣማ ወልቃለች። እሱስ ባልከፋ፤ ስመታ ክንዴ የሚያርፈው አንተ በቧጨርከው ቦታ ላይ ሆነና ጭረቶችህ እየተሻሹ ይደበዝዙ ጀመር። ከእማዬ ጋር ጊታሩን አምቡሊ ሰፈር ወዳለው አናጢ ወሰድነው። ደግ ሰው ነው፤ «ፍቄ ቫርኒሽ ልቀባላችሁ፣ አዲስ ይሆናል» ብሎ የብርጭቆ ወረቀቱን አነሣ። እኔ እሺ ልል አፌን ስከፍት እማዬ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው። «እጁ ነው እኮ! እጁን አትፋቁብኝ!» አለች። ያቺ ጩኸቱ አስቸገረኝ ስትል የኖረችው እማዬ! ታክሲ ውስጥ ጊታሩን አቅፋ እያለቀሰች ተመለስን።

ያኔ ጭረቶችህን እንደ ብርጭቆ በሚያሳይ ፕላስቲክ ልሸፍናቸው ወሰንኩ። እየታዩ፣ ሳይነኩ እንዲኖሩ። ካርቲየ 1 ሰፈር ያለው ሶማሌው ታፔላ ሰሪ ላንተ መሆኑን ሲሰማ «አላህ ይርሐመው» ብሎ ከትርፍራፊው አንድ ቁራጭ ሰጠኝ። የድሮዋን ሽርጥ የፓስታ ካርቶን ላይ አስተኝቼ በእርሳስ ዞርኳት፤ ካርቶኑን ቆረጥኩ፣ ጊታሩ ላይ እያስቀመጥኩ ልኩን አስተካከልኩ። ከዚያ በሁለት ወገን የሚያጣብቀውን ወረቀት ፕላስቲኩ ጀርባ ላይ ለጥፌ፣ ካርቶኑን በላዩ አድርጌ በካተር ምላጭ ቆረጥኩ። ጠርዙን ለማለስለስ ያንኑ የብርጭቆ ወረቀት ከአናጢው ለምኜ አመጣሁ።

«አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ» ትለኝ አልነበር? አሥር ጊዜ ለካሁ። አሥሩንም ጊዜ በድሮዋ ሽርጥ ቦታ ላይ! ያንተ ጭረት ግን ከቀዳዳው ማዶ ነው። የቆረጥኩትን እዚያ ሳስቀምጠው ቀዳዳውን ማቀፍ የነበረበት ጎባጣ ጠርዝ ወደ ውጭ ዞረ፤ ልገልብጠው ብል ማጣበቂያው ወደ ላይ ሆነ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እማዬ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ካርቶኑን አነሣች፣ እንደ ቂጣ ገለበጠችና ጭረቶችህ ላይ አስቀመጠችው። ልክክ አለ። በሕይወት ሳለህ ከግራኝነትህ ጋር የኖረች እሷ፣ የቱ ጋ መገልበጥ እንዳለበት ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ታፔላ ሰሪው ዘንድ ተመልሼ ሁለተኛ ቁራጭ ለመንኩ፤ ስቆ ሰጠኝ። በተገለበጠው ካርቶን ቆርጬ ባንተ ወገን ለጠፍኩት። ጭረቶችህ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ክንዴ ከእንግዲህ አይደርስባቸውም። በስሕተት የቆረጥኩትን ልጥለው ስል እማዬ ከለከለችኝ። ለካ የወለቀችው ሽርጥ ቦታ ድሮውንም የእኔ፣ የቀኝ እጅ ወገን ነበር፤ እዚያው ለጠፍኩት።

አሁን ጊታርህ ሁለት ሽርጥ ታጥቋል፤ ቀዳዳውን መሐል አድርገው ፊት ለፊት ተያይተዋል፣ አንተና እኔ እንቀመጥ እንደነበረው። ያንተ በጭረት ሞልቷል። የእኔ ገና ንጹሕ ነው፤ እሑድ ዕለት አንዲት ቀጭን ጭረት አወጣሁበት፣ እማዬም አየችና «ደሞ ሌላ ድመት መጣ» አለች።

አባዬ፣ ያንተን ወገን እኔ እያለሁ ማንም አይፍቀውም። የእኔንም ወገን ባዶውን አላስቀረውም።

ያቺ ጣቴን አመመኝ ያለችህ ልጅህ፣
ሰብለ