ገራባችንን ለወሰደው የምርምር ማዕከል

ለክቡር የማዕከሉ ዋና ዳይሬክተር
ድሬዳዋ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለቢሮዎ ቬንትሌተርም ያልተቋረጠ መብራት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፋርቱን ዐብዱላሂ እባላለሁ፤ ከማዕከልዎ ጀርባ ፍየል አርብቼ ወተት እየሸጥኩ የምኖር ጎረቤትዎ ነኝ። የመጻፊያ እርሳስ ከሚሠራበት ግራፋይት፣ ውፍረት የለውም እስኪባል የሳሳ ግራፊን የተባለ ንጣፍ «አካባቢን በማይጎዳ ዘዴ» በማምረትዎ መሸለምዎን በቴሌቪዥን አይቼ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድኩ።

፩ኛ. መርዛማውን ኬሚካል ትታችሁ በገራባ ጭማቂ ስለተካችሁት እናመሰግናለን። ገራባ ቃሚው መርጦ የተወው የጫት ቅጠል፣ በድሬ ወግ ደግሞ የፍየል ቀለብ መሆኑን ለተሸላሚ ሰው ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። መኪናችሁ ከየጫት ተራው ጠራርጎ ስለሚወስደው ፍየሎቼ ካርቶን መብላት ለምደው ነበር።

፪ኛ. የገራባው ጭማቂ የሚገባው በመጨረሻ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ግራፋይቱ በሰልፈሪክ አሲድ እንደሚዘፈዘፍ በቴሌቪዥን ሳይነግሩን ስላለፉ፣ ተመልካች እንዳይሰለች ማሰብዎን አደንቃለሁ።

፫ኛ. ሠራተኞቻችሁ የድሬ ልጆች ናቸውና ገራባ ለፍየል እንጂ ለቆሻሻ እንደማይጣል ያውቃሉ። የጨመቁትን ገራባ የአሲዱ እጣቢ ከተደፋበት በርሜል አውጥተው፣ እንደ ወጉ፣ ፍየሎቼ ከሚያርፉበት ዛፍ ሥር ከመሩት። የራባቸው ፍየሎቼም እንደ ወጉ በሉ። አፋቸው ተልጦ፣ አረፋ እየደፈቁ፣ ከአንዲት እናት ፍየል በቀር ሁሉም አለቁብኝ። ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

፬ኛ. ፍየሎቹ ካለቁ በኋላ ግቢያችሁን በአጥር ስለከለላችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። አጥሩ ግን ያምራል፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።

የአሲዱ እጣቢ ዛሬም ወዴት እንደሚፈስ የነገረን የለም፤ እኛ የምንጠጣው ጉድጓድ ደግሞ ከአጥርዎ ታች ነው። ምላሽዎን፣ ከሽልማት ሥነ ሥርዓት ጊዜ ሲያገኙ፣ በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

ለክቡርነትዎ ባለኝ ጥልቅ አክብሮትና አንዲት ፍየል በቀረችበት በረቴ ፊት ቆሜ፣
ፋርቱን ዐብዱላሂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎ የላኳቸው ባለሙያ የተረፈችውን ፍየል ወተት ሳይመረምሩ፣ ምንም አይልም ብለው አረጋግጠውልናል። እኔ ግን ለልጄ መስጠት ፈርቼ ስደፋው ሰነበትኩ። ከእንግዲህ አልደፋውም። የእርስዎ ልጆች በየማለዳው ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጡ ብቻ ይላኩብኝ፤ ትኩሱን በር ድረስ አመጣላቸዋለሁ።