የብርቱካን ልጣጭ ሳሙና

ሰኔ 4
ዛሬም ሳሙና አፈሰስኩ። ነጭ። ምንም የሌለበት። ዘይቱን አሞቅሁ፣ ኮስቲክ ሶዳውን በጥብጬ ጨመርኩ፣ እስኪወፍር አማሰልኩ፣ ሣጥኑ ውስጥ ገለበጥኩት። እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ልቤ ባይኖርም ይሠራል። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ምሳ በልቻለሁ? እንጃ።
ማስጌጡ የልጄ ነበር። እኔ አፈሳለሁ፣ እሷ ታስጌጣለች። ካረፈች ወዲህ ሳሙናዬ ሁሉ ነጭ ነው።

ሰኔ 7
ፀጉር ሠሪዋ መጣች። ለሳሎኗ ከኔ ነው የምትወስደው። አንዱን አንስታ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው።
«እትዬ፣ ይሄማ የሆስፒታል ሳሙና መሰለ...»
ወዲያው አፏን ያዘች። «አፌን ቁርጥ ያርገው!»
ምንም አይደል አልኳት። ልጄ ሆስፒታል ሞተች፤ ሳሙናው ምን አጠፋ?
ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። «ደንበኞቼ ያንን የልጅዎትን ቢጫ ነው የሚጠይቁኝ። እንግዲህ... ሲሆንልዎት።»
አይሆንልኝም። የልጄ ማስጌጫ በሙሉ ያለው ክፍሏ ውስጥ ነው።

ሰኔ 8
ክፍሏን ለምን እንደዘጋሁት ለማንም አልተናገርኩም። ለአባቷም። ጠረኗ እንዳይወጣ ነው። ትራሷ ላይ አለ፣ መጋረጃው ላይ አለ። መስኮቱ ከተከፈተ ያልቃል። አልፎ አልፎ በሩን ገርበብ አድርጌ ጠረኑን ትንሽ ሳብ፣ ከዚያ ቶሎ መዝጋት። እንደ ስስታም።

ሰኔ 13
ዝናቡ አላባራ አለ። ወጥ ቤቱ ረጥቦ ሳሙናው ላብ ላብ ብሏል። ጣት ሲያርፍበት ይሰረጎዳል። ነፋስ ካላገኘ መቼም አይደርቅ።
አባቷ እራት ላይ «ነፋስ የሚገባው የሷ ክፍል ነው» አለ። ሰሃኑን እያየ።
«እሱን ክፍል ተወው።»
«እኔማ ትቼዋለሁ።»
ተነሣሁ። ሰሃን አጠብኩ።

ሰኔ 15
ገባሁ። ክፍሏ፣ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ። የጽጌረዳዋን ጠርሙስ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ራሷ ያደረቀችው ነው። ከጎረቤት አጥር ሥር እየለቀመች... «ሌባ አይደለሁም እማዬ፣ የወደቀ ነው የማነሳው።»
ሁሉንም ጨመርኩት። ሳሙናው ገና ሲሞቅ። ቀይ ቀይ ሲል ሳየው ደስ አለኝ ልበል? ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

ሰኔ 16
ስቆርጠው ቡናማ ነው። አበባው በሙሉ ጠቁሯል።
አሁን ትዝ አለኝ። ነግራኝ ነበር እኮ። «ኮስቲክ አበባ ያቃጥላል እማዬ። እሱን የሚችሉት እርድና የብርቱካን ልጣጭ ናቸው። ርካሽ ነገር ጠንካራ ነው።» ትላንት የት ሄዶብኝ ነው?
ጠርሙሱ ባዶ ነው።
ፀጉር ሠሪዋ መጥታ አየችው። ከት ብላ ሳቀች። «እትዬ፣ አይጥ ነው እንዴ የሄደበት?» እኔም ሳቅሁ። ሳቄ መሀል ላይ ተበላሸ። አጠገቤ ተቀመጠች። ፀጉሬን ነካ አድርጋ «ይምጡና ልጠብዎት» አለች።

ሰኔ 21
እርድና ልጣጩን ፍለጋ እንደገና ገባሁ። የብርቱካን ልጣጭ ደርቆ በከረጢት ተንጠልጥሏል። ዛሬ አልቸኮልኩም። ትራሷን አቅፌ በረጅሙ ሳብኩ።
ሻጋታ።
ትራሱ ሻጋታ። መጋረጃው ሻጋታ። ምን ስጠብቅ ነው የከረምኩት?
አባቷን ጠራሁት። በሩ ላይ ቆመ። «አውቃለሁ» አለ። «ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»
የመስኮቱ እንጨት አብጦ አልከፈት አለ። በትከሻው ገፍቶ ከፈተው።

ሰኔ 22
ፍራሹን አወጣን። የተበላሸውን ሳሙና ፈቀፈቅሁት፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጌ እሳት ላይ አቀለጥኩት። ልጣጩን ወቅጬ ከእርድ ጋር ጨመርኩ። ቢጫ ሆነ። ጽጌረዳዋ ነጠብጣብ ሆና ቀረች። ትቅር። ከላይ እሷ እንደምታደርገው በማንኪያ ጀርባ ሞገድ አወጣሁለት። የኔ ጠማማ ነው። ወገቤ ተቆረጠ።
ስቆርጠው በአልጋዋ ጣውላ ላይ እደረድረዋለሁ። ሌላ ቦታ የለም።

ሐምሌ 2
ሳሙናው ደህና ነው። አላላበውም።

ሐምሌ 19
ደርቋል። ጥፍር አያስገባም። ዛሬ ልሰበስበው ብዬ ሄድኩና በሩ ላይ ቆምኩ።
ብርቱካን። እርድ። ሳሙና።
ይሄ ነው። ስታቅፈኝ ከአንገቷ ሥር የሚመጣው ይሄ ነበር። ሌላ ጠረን መቼ ነበራት? እጇ ከዚህ ወጥቶ አያውቅ። እኔ ደግሞ መስኮት ዘግቼ ስጠብቅ...
አባቷ ከኋላዬ መጣ። እሱም ቆመ። አንዴ ሳበ፣ ደገመው።
«መጣች እንዴ?» አለ። ለቀልድ ነው። ግን አልጋዋ ድረስ ገብቶ አየ።
አንዱን ለራሴ አስቀራለሁ ብዬ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ስትመጣ ሁሉንም ሰጠኋት። ከዚያ አብሬያት ሄድኩና ፀጉሬን በዚያው ሳሙና አጠበችልኝ። ልጣጩ ትንሽ ይቧጥጣል። በደንብ ልወቅጠው ይገባኛል።
ደክሞኛል። እራት በልቻለሁ፣ አስታውሳለሁ። አባቷ ብርቱካን ላጠ። ልጣጩን አልጣለውም። ተነሥቶ የሷ መስኮት ላይ ዘረጋው፣ ሲመለስም በሩን አልዘጋውም።